«ትርምስን መቆጣጠር» የሚለው ይውጣ፦ በጋራ ዕቅዳችን ክፍል ሁለት ላይ የዕቅድ ውይይት

የረቂቁ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። የአደጋ ጊዜ ዕቅዳችን ረቂቅ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ከመሄዱ በፊት ክፍል ሁለት ላይ እንነጋገር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ከተፈጥሮ አደጋ በኋላ የሚፈጠረውን ሽብር፣ ትርምስና ዝርፊያ ለመቆጣጠር በጎ ፈቃደኞችን ማደራጀት።» ከሥሩ የተያዘው በጀትም አብዛኛው ለጥበቃ፣ ለአጥርና ለመለያ ልብስ ነው።

ይህ ዓረፍተ ነገር እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ሰው ከአደጋ በኋላ ምን እንደሚያደርግ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። ኤንሪኮ ኳራንቴሊ፣ ራስል ዳይንስና ዩጂን ሃስ በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ምርምር ማዕከል አቋቁመዋል። ማዕከሉ በ1985 ወደ ደላዌር ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። ተመራማሪዎቹ አደጋው የደረሰበት ቦታ ድረስ እየሄዱ ደጋግመው ያዩት አንድ ነገር ነው። ሰው በጅምላ አይደነብርም። መጀመሪያ የራሱን ቤተሰብ ይፈልጋል። ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል።

የጃፓኗን ኮቤ ከተማ እንይ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1995፣ ሊነጋጋ ሲል 11፡46 ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። ከ6,400 በላይ ሰው ሞተ። ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት ከወጡት አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰብና ጎረቤት ናቸው፤ የመኪና ክሪክ፣ መጋዝ፣ ያገኙትን ሁሉ ይዘው። ለመነሻው ቅርብ በነበረችው በአዋጂ ደሴት፣ ሆኩዳን በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነውን ደግሞ ልብ በሉልኝ። እዚያ ጎረቤት የጎረቤቱን መኝታ ክፍል ያውቃል። አያትየው በየትኛው ጥግ እንደሚተኙ ያውቃል። ስለዚህ ክምሩን በጭፍን አልቆፈሩም። ሰው የሚተኛበትን ቦታ ለይተው ቆፈሩ። ፍለጋው በዚያው ቀን አለቀ።

ገንዘባችን ከአጥር ወደ ክሪክና መጋዝ ይዙር ነው የምለው።

ከጸጥታ ንዑስ ክፍል

እህቴ፣ ያነሳሽው እውነት ነው። ነገር ግን ዕቅድ የሚጻፈው መልካሙ ቀን ብቻ ታስቦ አይደለም። እኔ ዕድሜዬን በጸጥታ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ልናገር።

ቺሊ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2010። የመሬት መንቀጥቀጡ መጠን 8.8 ነበር። ኮንሴፕሲዮን ከተማ ውስጥ ሱፐርማርኬቶች ተዘረፉ። የተወሰደው ምግብና ውሃ ብቻ አይደለም፤ ቴሌቪዥንም ነው። መንግሥት ጦር አስገባ፣ ሰዓት እላፊ አወጀ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ዘራፊ መጣ» በሚል ወሬ መንገዱን ዘግቶ በየበሩ ሲጠብቅ አደረ። ይህ በሰው ላይ ደርሷል። ዕቅዳችን እንዳልሆነ አድርጎ ቢያልፈው ተዓማኒነት ያጣል።

የጤና ንዑስ ክፍል

እኔ በአጭሩ። ሆስፒታል ውስጥ የምናየው ትርምስ ከክፋት የሚመጣ አይደለም። ከአደጋ በኋላ ቁስለኛ አምቡላንስ ቆሞ አይጠብቅም። ባገኘው መኪና፣ በሰው ትከሻ፣ በእግሩ ይመጣል። የሚመጣውም ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ነው። መጀመሪያ የሚደርሱት መራመድ የሚችሉት፣ ማለትም ቀላል ጉዳት ያለባቸው ናቸው። ከፍርስራሽ ሥር የወጣው ከባድ ቁስለኛ ሲደርስ አልጋው ሁሉ ተይዟል። ትንሽ ራቅ ያለው ሆስፒታል ደግሞ ባዶውን ተቀምጧል።

ይህን ጥበቃ በማቆም አንፈታውም። የሚፈታው ጎረቤት ቀላሉን ቁስል እዚያው ማሰር ሲችል፣ ከባዱን የት እንደሚወስድ ሲያውቅ ነው። በጀቱ ውስጥ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይግባ። ቃሬዛም።

የረቂቁ ጸሐፊ

ጋሼ፣ ኮንሴፕሲዮንን ስላነሱልን አመሰግናለሁ። እኔም ከዕቅዱ ይውጣ አልልም። የምለው እንዲህ ያለ ነገር መቼ እንደሚመጣ እንጻፍ ነው። እዚያ መብራት ጠፋ፣ ውሃ ተቋረጠ፣ ስልክ ሞተ። ዕርዳታ መቼ እንደሚደርስ የሚናገር አልነበረም። ከአደጋው በፊት የነበረው የሀብት ልዩነትም ቀላል አይደለም። ሱቁ ተዘግቶ፣ የልጅ ወተት አልቆ፣ የሚነግርህ ሰው ሲጠፋ በር መሰበሩ አይቀርም። ቴሌቪዥን የሚወስድም ይኖራል። መከላከያው ግን ቶሎ መድረስና ቶሎ መናገር ነው።

ሌላኛውን ጎን ደግሞ የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ታሳየናለች። በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ መጥቶ ግድቦቹ ሲፈርሱ የከተማዋ 80 በመቶ ውሃ ዋጠው። ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ ጨርቅ እያውለበለበ ይጣራል። ኦገስት 31 ማታ ግን ከንቲባው አብዛኛው የፖሊስ ኃይል ነፍስ ማዳኑን ትቶ ዘራፊ ወደ መከላከል እንዲመለስ አዘዙ። አስቡት፤ በዚያ ሰዓት። ሰፕቴምበር 4 ቀን ዳንዚገር ድልድይ ላይ ፖሊሶች መሣሪያ ባልያዙ ሰዎች ላይ ተኩሰው ሁለቱን ገደሉ፤ ሌሎችንም አቆሰሉ። ትርምስ ይመጣል ብሎ የተዘጋጀ አካል ራሱ ትርምሱን ሲያመጣ እንዲህ ነው። የእኛ ረቂቅም በዚያው መንፈስ የተጻፈ ስለሆነ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

የመረጃ ንዑስ ክፍል

ከኒው ኦርሊንስ ሳንወጣ ስለ ወሬ ልጨምር። ሱፐርዶም በተባለው ስታዲየም ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተጠልሎ ነበር። ግድያ በግድያ ሆኗል፣ ሕፃናት ሳይቀሩ እየተደፈሩ ነው ተባለ። ባለሥልጣናትም በቴሌቪዥን ደገሙት። በኋላ ሲጣራ እዚያ የተገኘው አስከሬን 6 ነበር። ከስድስቱ ሰው የገደለው አንድም አልነበረም። ወሬው ግን ሥራውን ሠርቷል። ዕርዳታ የሚያመጡ ሰዎች ፈርተው ዘግይተዋል።

ሁሉም ወሬ ከጥላቻ አይመጣም። ሴፕቴምበር 19 ቀን 2017 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ፈረሰ። ፍሪዳ ሶፊያ የምትባል ተማሪ ከሥር በሕይወት አለች ተብሎ አገር ሙሉ በቀጥታ ስርጭት ተከታተለ፤ ጸለየ። እንዲህ የምትባል ልጅ ጭራሽ አልነበረችም። የባሕር ኃይሉ ራሱ መጀመሪያ አረጋግጦ በኋላ አስተባብሏል። ተስፋም ወሬ ይወልዳል።

በዚያው ከተማ ያየነው ሌላ ነገር ግን በዕቅዳችን ሥልጠና ውስጥ መግባት አለበት። ፍርስራሹ ላይ በመቶ የሚቆጠር ሰው ባልዲ እየተቀባበለ ይሠራል። ሞተር ይጮኻል። አንዱ ቡጢውን ወደ ላይ ያነሳል። ያየው ሁሉ የራሱን ያነሳል። ሞተር ይጠፋል፣ ወሬ ይቆማል፣ መንገዱ ዳር ያለው ሳይቀር ጸጥ ይላል። ከሥር የሚጣራ ድምፅ ካለ ለመስማት ነው። ያን ሁሉ ሰው ጸጥ ያሰኘው የአለቃ ትእዛዝ አልነበረም። ሰው ሥርዓት የሚያበጀው ምን እንደሚጠቅም ሲገባው ነው።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል። በአደጋ ሰዓት ግን ሐሳብ የሚጨምር ሰው መመደብ አለበት። በየአካባቢው አንድ የሰሌዳ ቦታ፣ አንድ ባትሪ ሬዲዮና «ይህ ተጣርቷል፣ ይህ አልተጣራም» ብሎ ከነሰዓቱ የሚጽፍ ሰው እንዲኖር ሀሳብ አቀርባለሁ። አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ «እስካሁን አዲስ ነገር የለም» ብሎ ይጻፍ።

ከጸጥታ ንዑስ ክፍል

ያነበባችሁትን ሁሉ አሰብኩበት። አሁን የምናገረው ምናልባት ከእኔ የማትጠብቁት ይሆናል።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ቶኪዮና ዮኮሃማ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ወደሙ። ከ100,000 በላይ ሰው አለቀ። ወዲያው «ኮሪያውያን ጉድጓድ እየመረዙ ነው፣ እሳት የሚለኩሱት እነሱ ናቸው» የሚል ወሬ ተነሳ። የመንግሥት አካላትም አናፈሱት። ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ የሰፈር ጥበቃ አቋቋመ። መንገድ ዘጉ። አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ ጃፓንኛ ቃል እንዲጠራ ያስገድዱት ነበር። አጠራሩ ካላማራቸው ይገድሉታል። በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን ተገደሉ። ቻይናውያንም፣ በስህተት የተያዙ ጃፓናውያንም አልተረፉም። ገዳዮቹ ውስጥ ወታደርና ፖሊስ ነበር፤ ተራው የሰፈር ሰውም ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ «ጎረቤት» የሚለው ቃል ብቻውን አያድነንም። ጎረቤትን ስናደራጅ ለምን እንደምናደራጀው በግልጽ መጻፍ አለብን። መለያ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ መንገድ የሚዘጋ ቡድን በእኛ ስም አይቋቋም። የእኛ በጎ ፈቃደኛ መታወቂያ አይጠይቅም፣ ሰው አያስቆምም፣ አይፈትሽም። ይህ ራሱን በቻለ አንቀጽ ይጻፍልኝ። የአጥሩ በጀት ይሰረዝ ከተባለም ድምፄን እሰጣለሁ።

የረቂቁ ጸሐፊ

ጋሼ፣ አንቀጹን እርስዎ ራስዎ ቢያረቁልን ደስ ይለኛል። እንደርስዎ አድርጎ የሚጽፈው የለም።

ከዚሁ የሚያያዝ አንድ ነገር ልበል። ጎረቤት የሚያውቀው ሰው ይድናል፤ ማንም የማያውቀውስ? በጁላይ 1995 ቺካጎን የመታው ሙቀት ከወትሮው በላይ 739 ሰው ገደለ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ፤ በራቸውንና መስኮታቸውን እንደዘጉ ሞተዋል። ሶሺዮሎጂስቱ ኤሪክ ክላይነንበርግ ጎን ለጎን ያሉ ድሃ ሰፈሮችን አወዳድሮ ነበር። ሰው ወጥቶ የሚገናኝበት መንገድ፣ ሱቅና አደባባይ ያለው ሰፈር ውስጥ የሞተው ሰው በጣም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ቅድሚያ የሚንኳኩ በሮች ዝርዝር ያስፈልገናል። ብቻውን የሚኖር፣ መስማት የማይችል፣ ቋንቋውን የማይናገር፣ ትናንት የገባ ተከራይ፣ ሁሉም ይግባበት። በቶኪዮ የተገደሉት እኮ በማንም ዝርዝር ውስጥ ያልነበሩ ናቸው።

የሎጂስቲክስ ንዑስ ክፍል

ስለ በጎ ፈቃደኛ ብዛት አንድ ነገር። ያልጠራነው ሰው ይመጣል፤ ይህ በየአደጋው የታየ ነው። ፌብሩዋሪ 2011 የኒው ዚላንዷ ክራይስትቸርች ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፌስቡክ ተጠራርተው በሺዎች ሆነው ወጡ። ከመሬት የፈለቀውን ጭቃ ከየሰው ግቢ በአካፋ ዛቁ። ሥልጠና አልነበራቸውም፤ አካፋና የሚመድባቸው ሰው ነበራቸው። አንድ የመመዝገቢያ ጠረጴዛ፣ ጓንትና አካፋ ይበቃናል። መጥቶ የተመለሰ ሰው ሌላ ቀን አይመጣም።

አሮጌ ልብስ ግን አንቀበልም የሚል መስመር ይግባ። የማይፈለግ ዕቃ መጋዘን ይሞላል፤ የሚለየው ሰው ደግሞ ከሥራ ይስተጓጎላል።

የጤና ንዑስ ክፍል

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ሁሌም ስለሚቀር ነው የማነሳው። ሁላችንም ስለ ሱቅ ዝርፊያ ስናወራ ሰነበትን። ከሳምንታት በኋላ፣ ካሜራው ከሄደ በኋላ፣ ጥቃቱ ድንኳን ውስጥ ነው የሚሆነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መደጋገፍ ይደክማል። ሥራ የለም፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ ቁጣ ይበዛል። ሴቶችና ልጆች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ይጨምራል። «ሥርዓት» ብለን ከጻፍን ይህንም ይጨምር። መጸዳጃ ቤቶች ከውስጥ የሚቆለፉ ይሁኑ። መንገዳቸው ላይ መብራት ይኑር። ቅሬታ የምትቀበል ሴት ትመደብ።

ሰብሳቢ

እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁም የደከማችሁበት ነው። ተቃውሞ ካልመጣ ክፍል ሁለት እንዲህ ይጀምር፦

«በአደጋ ሰዓት ቀድሞ የሚደርሰው እዚያው ያለው ሰው ነው። የዚህ ዕቅድ ዓላማ ያ ሰው መሣሪያ፣ ሥልጠናና የተጣራ መረጃ እንዲኖረው ማድረግ፣ ማንም የማያውቀው ሰው እንዳይረሳ መጠበቅ፣ ነዋሪ ነዋሪን እንዳያጠቃ መከላከል ነው።»

የአጥርና የመለያ ልብስ በጀት ወደ ክሪክ፣ መጋዝ፣ ቃሬዛና ባትሪ ሬዲዮ ይዞራል። የክልከላውን አንቀጽ ጋሼ ያረቃሉ። የሰሌዳውን አሠራር የመረጃ ክፍሉ፣ የበሮቹን ዝርዝር ደግሞ ጸሐፊያችን ትይዛለች። አንድ ያልተቋጨ ጥያቄ አለ። ዝርዝሩ የሰው ምስጢር ነው፤ ማን ጋ ይቀመጣል? ክፉ ሰው እጅ ቢገባ ለጥቃት ይውላል። አሳብ ያላችሁ እስከ አርብ ጻፉ።

ከጸጥታ ንዑስ ክፍል

በአንድ ቦታ አይከማች። እያንዳንዱ አስተባባሪ የራሱን ጥቂት በሮች ብቻ ይያዝ፤ በወረቀት። የሰውየው ፈቃድ ሳይጠየቅ ስሙ አይጻፍ። ዘርና ሃይማኖት የሚል ዓምድ ጭራሽ አይኑርበት። ይህንንም በአንቀጼ ውስጥ አካትቼ ሐሙስ እልካለሁ።