ልጆች ኤአይን በደንብ እንዲጠይቁ እንዴት እናስተምራቸው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁም። ሴቷ ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ 6ኛ ክፍል ናት። ወንዱ 9 ዓመቱ ነው። የቤት ሥራ ሲሰጣቸው ስልኬን ተቀብለው ቻትጂፒቲን፣ ማለትም ለጥያቄ መልስ የሚጽፈውን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት)፣ ይጠይቃሉ። እኔን ያሳሰበኝ አጠያየቃቸው ነው። ልጄ “የውሃ ዑደት” ብላ ሁለት ቃል ብቻ ትጽፋለች። የሚመጣላት መልስ ረጅምና ከባድ ነው። እሷም ሳይገባት ወደ ደብተሯ ትገለብጠዋለች። ወንዱ ደግሞ የሒሳብ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ “መልሱ ስንት ነው?” ይላል፤ በቃ።

ልከለክላቸው አልፈልግም። ወደፊት በትምህርትም በሥራም ይፈልጉታል። ግን ጥሩ ፕሮምፕት (ለኤአይ የሚጻፍ ጥያቄ ወይም ትእዛዝ) መጻፍ እንዲችሉ፣ ራሳቸውም እንዲያስቡ እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር? ደግሞስ በአማርኛ ይጠይቁ ወይስ በእንግሊዝኛ?

መልስ፦ መምህር፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ ከስልኩ በፊት ከወረቀት ጀምሪ። ልጅሽ ምንም ከመጻፏ በፊት ሦስት ነገር በደብተሯ ታስፍር፦ የማውቀው ምንድን ነው? ያልገባኝ የቱ ጋ ነው? ምን ዓይነት መልስ እፈልጋለሁ? ይህን ከጻፈች ፕሮምፕቱ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እንዳየሁት “ያልገባኝ የቱ ጋ ነው?” የሚለው ላይ ልጆች ይቆማሉ። ያን ጊዜ አትቸኩይ። ትምህርቱ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ልጅን ሱቅ ስንልክ “ዘይት ግዛ” ብቻ ብለን አንሰደውም። ስንት ሊትር፣ የትኛውን፣ መልሱንም ቁጠር እንለዋለን። ኤአይም እንዲሁ ተነግሮት ነው የሚሠራው። ያልተነገረውን በግምት ይሞላዋል።

ለውሃ ዑደቱ እንዲህ ብላ ትሞክር፦

“የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ውሃ በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ወደ ላይ እንደሚወጣ ገብቶኛል። ያልገባኝ እንፋሎቱ እንዴት ተመልሶ ዝናብ እንደሚሆን ነው። በቀላል አማርኛ፣ ከስድስት ዓረፍተ ነገር ሳታስበልጥ አስረዳኝ። ምሳሌህ ጣና ሐይቅ ይሁን። መጨረሻ ላይ መረዳቴን የሚፈትን አንድ ጥያቄ ጠይቀኝ።”

ክፍሏን ስትናገር የመልሱ ክብደት ይስተካከላል። የገባትን ስትናገር ያንኑ ከመድገም ይተርፋል። የዓረፍተ ነገሩን ቁጥር ስትወስን ደግሞ መልሱ አንብባ የምትጨርሰው ይሆናል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን አደራ እንዳትተዋት። ኤአዩ መልሶ ሲጠይቃት መልሱን ከራሷ ማውጣት አለባት። መገልበጥ የሚቀረውም ያኔ ነው።

የወንዱ ነገር ይለያል። በእሱ ዕድሜ ያሉ ልጆች ከ52 ላይ 27 ሲቀንሱ 35 የሚል መልስ ይሰጣሉ። ምክንያቱም ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲላቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ይቀንሳሉ። ፎቶ አንስቶ “መልሱ ስንት ነው?” ቢል 25 ይባላል፤ ስህተቱ ግን እሱ ጋር ይቀራል። መጀመሪያ ራሱ ይሥራ። ከዚያ እንዲህ ይጻፍ፦ “ከ52 ላይ 27 ስቀንስ 35 አገኘሁ። መልሱን አትንገረኝ። የት እንደተሳሳትኩ በአንድ በአንድ ጥያቄ እየመራህ አሳየኝ።” ሲጨርስ ያገኘውን ከ27 ጋር ይደምረው። 35 እና 27 ሲደመር 62 ነው፤ 52 አልመጣም። ይህን ማረጋገጫ ካወቀ ለማጣራት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

መልስ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

የቋንቋውን ጥያቄ እኔ ልመልስልዎት። ሞዴሎች የሚባሉት እነዚህ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ፕሮግራሞች የተማሩት ከተጻፈ ጽሑፍ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ከዚህ ብቻ ልዩነቱን መገመት ይቻላል። በአማርኛ ሲጠየቅ የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር ሊጽፍ፣ ያልነበረ ተረትና ምሳሌም ሊፈጥር ይችላል።

እንደዚያም ሆኖ እኔ በአማርኛ ትጀምር ባይ ነኝ። ልጅ ጥያቄዋን በደንብ የምታስበው በምታስብበት ቋንቋ ነው። መልሱ ትክክል አለመሆኑንም የምትለየው በእሱ ነው። መልሱ ግራ ካጋባት ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጽፋ “በአጫጭርና በቀላል ቃላት” ትበል። ሁለቱን ማነጻጸር በራሱ ጥሩ ልምምድ ነው።

የኛ አገር ልጆች በተለይ መልመድ ያለባቸው ግን ሌላ ነገር አለ፤ የዘመን አቆጣጠርና ሰዓት። የዓድዋ ድል መቼ እንደሆነ ብትጠይቅ 1896 ሊላት ይችላል። በፈረንጆቹ ልክ ነው። መምህሯ የሚፈልጉት ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ “በኢትዮጵያ አቆጣጠር” ብላ መጻፍ አለባት። ሲቀይርም ሊሳሳት ይችላልና ከመጽሐፏ ጋር ታስተያየው። ልዩነቱ ከመስከረም ጀምሮ 7 ዓመት፣ ከፈረንጆቹ ጥር ጀምሮ 8 ዓመት መሆኑን ካወቀች ራሷ ትይዘዋለች።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። “ፈተናዬ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ የጥናት ፕሮግራም አውጣልኝ” ካለችው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሊያስነሳት ይችላል። “በኢትዮጵያ ሰዓት 2፣ ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት በኋላ” ትበለው።

መልስ፦ አባት፣ ሐዋሳ

እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። የ9 ዓመት ልጅ ብቻውን ኤአይ መጠቀም የለበትም። የቻትጂፒቲ የራሱ ደንብ ከ13 ዓመት በታች ላሉ አይፈቅድም። ከ13 እስከ 18 ላሉትም የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ እህታችን፣ ሁለቱም ልጆችሽ ገና ዕድሜያቸው አልደረሰም። ቁጭ ብለሽ፣ በአንቺ አካውንት፣ አንቺ እየጻፍሽ ይጠይቁ። እነሱ ይናገሩ፤ አንቺ ቃል በቃል ጻፊ። ጥያቄው ሲጎድል መልሱ እንዴት እንደሚበላሽ በዓይናቸው ያዩታል።

መልስ፦ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እኛ ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ልጆቼ እንግሊዝኛው ይቀናቸዋል። ኤአይን የሚፈልጉት አዲስ አበባ ላሉት አያታቸው በአማርኛ ለመጻፍ ነው። “ለአያቴ የእንኳን አደረሰሽ መልእክት ጻፍልኝ” ብለው በእንግሊዝኛ ሲጠይቁ አንዴ “አንተ”፣ አንዴ “አንቺ” እያለ ይመጣል። ለትልቅ ሰው እንዲህ አይላክም። አሁን ከፕሮምፕቱ መጀመሪያ ላይ ለማን እንደሆነ መጻፍ ለምደዋል፦ አያቴ ናቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በ“እርስዎ” ጻፍ፣ በዓሉ ገና ነው፣ እኔ ሴት ልጅ ነኝ። ሴት መሆኗን ካልተናገረች “ልጅህ ነኝ ደስተኛው” ዓይነት ነገር ይመጣል። ከዚያ የወጣውን ጮክ ብለው ያነቡልኛል። የማይናገሩትን ቃል ያወጡታል፤ የራሳቸውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራሉ። ያቺን ዓረፍተ ነገር አያቴ፣ ማለቴ እናቴ፣ ለይታ ታውቃታለች።

ከጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሐዋሳውን ወንድሜን ምክር ተቀብያለሁ፤ እኔ ጸሐፊ ሆኛለሁ። መምህር፣ ያ “መረዳቴን ፈትነኝ” የሚለው በጣም ሠራ። ልጄ መልሱን ስታጣው ተመልሳ አነበበች። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። የሚሰጠው መልስ ሁሉ በልበ ሙሉነት የተጻፈ ነው። ልጆቹ “እርግጠኛ ነህ?” ብለው ሲጠይቁት ይቅርታ ይጠይቅና ሌላ ይላል። ምኑን ይመኑ?

መልስ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

“እርግጠኛ ነህ?” ማጣሪያ አይሆንም። ትክክለኛ መልስ ሰጥቶም ሲጠራጠሩት ሊለውጠው ይችላል፤ ጠያቂውን ለማስደሰት ያዘነብላል። ይልቅ አዲስ ቻት ከፍተው ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቁ። ሁለቱ መልሶች ከተለያዩ ጥርጣሬው ተገቢ ነው ማለት ነው። “እንዴት እዚህ መልስ ላይ ደረስክ? ደረጃ በደረጃ አሳየኝ” ማለትም ይረዳል። ለታሪክና ለቁጥር ግን የመጨረሻው ዳኛ መጽሐፉ ይሁን።

መልስ፦ መምህር፣ ባሕር ዳር

እኔ ክፍል ውስጥ የማደርገውን ልጨምር። ልጆቹ ከእሱ በላይ ስለሚያውቁት ነገር ይጠይቁት። ለምሳሌ ሰኞ ማክሰኞ እንዴት እንደሚጫወቱ ያስረዳ። ከዚያ ልጆቹ እርሳስ ይዘው ያርሙት፦ መስመሩ ስንት ነው፣ ድንጋዩ የት ይጣላል፣ በአንድ እግር የሚዘለለው መቼ ነው። ስህተቱን ራሳቸው ሲያገኙ በማያውቁት ነገርም ሊሳሳት እንደሚችል ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል። ቀጥሎ ፕሮምፕቱን አሻሽለው ይጻፉ፤ የጨዋታውን ሕግ ጨምረው፣ “ይህን ጨዋታ ለማያውቅ ልጅ አስረዳ” ብለው። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን መልስ ጎን ለጎን አስነብቢያቸው። ለወንዱ ልጅሽ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም፤ የሚወደው ጨዋታ ከሆነማ ረጅም ፕሮምፕት ለመጻፍም አይሰለችም።

መልስ፦ አባት፣ ሐዋሳ

ስለ ፎቶውም አንድ ነገር ልበል። የቤት ሥራውን ፎቶ ስታነሱ የደብተሩ ሽፋን፣ የልጁ ሙሉ ስምና የትምህርት ቤቱ ማኅተም አይግባ። ስልክ ቁጥርና የሰፈር ስምም አይጻፍ። “የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ” ይበቃል። በቻትጂፒቲ ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኮንትሮልስ የሚል ክፍል አለ፤ ንግግራችሁ ሞዴሉን ለማሠልጠን እንዳይውል እዚያ ማጥፋት ትችያለሽ። ልጆቹ ስልኩን ከመያዛቸው በፊት አጥፊው።