በፔንስልቬንያ የከሰል ከተሞች የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናትና መካነ መቃብሮች ለምን በዙ?

ጥያቄ፦
በሰሜን ምሥራቅ ፔንስልቬንያ አንትራሳይት (ጠንካራ የድንጋይ ከሰል) ይወጣባቸው የነበሩትን ከተሞች፣ በተለይም ሼናንዶዋን፣ ሄዝልተንንና ሴንትሬሊያን፣ ለማየት አስቤአለሁ። ካቶሊኮቹ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ሆነው ሳለ በአንዲት ትንሽ ከተማ ብዙ አጥቢያ የተከሉት፣ ሙታናቸውንም ለየብቻ የቀበሩት ስለምን ነው? የሽንኩርት ቅርጽ ጉልላት ያላቸውስ ካቶሊክ ናቸው ወይስ ኦርቶዶክስ? ጉብኝቴን ከየት እንድጀምርም ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦
ከሁሉ በላይ የለያያቸው ቋንቋ ነው። አጥቢያዎቹንም ክህነቱንም ቀድመው የደረሱት አይሪሾች ይዘውት ስለነበር፣ ከ1870ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወዲህ ወደ ማዕድኑ የጎረፉት ፖላንዳውያን፣ ሊቱዌንያውያንና ስሎቫኮች፣ ቅዳሴው ለሁሉም በላቲን ቢሆንም፣ ስብከቱንና ኑዛዜውን በራሳቸው ቋንቋ ማግኘት ፈለጉ። ስለዚህ ከማዕድን ደመወዛቸው እያዋጡ የየራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ የመቃብር መሬትም ገዙ። መዋጮው የባለቤትነት ጥያቄ ማስነሣቱ አልቀረም፤ በስክራንተን ሕንፃው በሠሩት ምእመናን እጅ ይሁን ያሉ ፖላንዳውያን በ1897 በአባ ፍራንቺሼክ ሆዱር መሪነት ከጳጳሱ ተለይተው የፖላንድ ብሔራዊ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን እስከ መመሥረት ደርሰዋል።

ሌላ መልስ፦
ጉልላቱ ብቻውን አይለይልዎትም፤ በበሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከካርፓቲያ ተራሮች የመጡት ሩሲኖችና ዩክሬናውያን፣ እንደ አገራችን የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች፣ የምሥራቁን ሥርዓት ሳይለቁ ከሮም ጋር የተባበሩ ነበሩ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው አጥቢያቸውም በ1884 በሼናንዶዋ የተቋቋመው ቅዱስ ሚካኤል ነው። ሆኖም የሚኒሶታው ሊቀ ጳጳስ ጆን አየርላንድ ከእነዚሁ ካህናት አንዱን፣ ሚስታቸው የሞተችባቸውን አባ አሌክሲስ ቶትን፣ አግብተው ነበርና በ1889 አልቀበልም በማለታቸው፣ ቄሱ ወደ ኦርቶዶክስ ተሻገሩ፤ በኋላም በፔንስልቬንያዋ ዊልክስ ባሪ ተቀምጠው ብዙ ምእመናንን አስከተሉ። ያገቡ ካህናትን ለለመደ ሕዝብ ነገሩ ምን ያህል እንዳስቆጣው እኛ በቀላሉ እንረዳዋለን።

በሴንትሬሊያ ከ1962 ጀምሮ ከመሬት በታች በሚነደው የከሰል እሳት ምክንያት ነዋሪው ተበትኖ፣ የላቲኑ የቅዱስ ኢግናጥዮስ ቤተ ክርስቲያን በ1997 ሲፈርስ መካነ መቃብሩ ብቻ ቀርቷል። በኮረብታው ላይ ያለው የዩክሬናውያኑ የማርያም ፍልሰታ ቤተ ክርስቲያን ግን ዛሬም ይቀደስበታል።

ሦስተኛ መልስ፦
እኔ ከመካነ መቃብሮቹ ይጀምሩ እላለሁ፤ ሕንፃዎቹ እየጠፉ ነውና። የሼናንዶዋው የሊቱዌንያውያን ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2010 ፈርሷል። በ1910 ከ25,000 በላይ የነበረው የከተማይቱ ነዋሪ ዛሬ ከ5,000 ያነሰ በመሆኑ አጥቢያዎችን ማዋሐድ ግድ እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን የማዕድን ሠራተኞች በላባቸው ያቆሙትን ለሌላ አገልግሎት ማዋል ሲቻል ማፍረስ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

በሄዝልተን የቅዱስ ስታኒስላውስ መካነ መቃብር፣ በመስከረም 10 ቀን 1897 (እ.ኤ.አ.) በአቅራቢያው ባለችው ላቲመር መሣሪያ ሳይዙ በሰልፍ ሲጓዙ በሸሪፉ (በአውራጃው ሕግ አስከባሪ) ታጣቂዎች ከተገደሉት 19 አድማ የመቱ የማዕድን ሠራተኞች ብዙዎቹ አርፈዋል፤ ሸሪፉና ታጣቂዎቹ በፍርድ ቤት ነፃ ወጡ። በታማኳ ቅዱስ ጄሮም ደግሞ ሞሊ ማጓየር የተባለው የአይሪሽ ማዕድን ሠራተኞች ምስጢራዊ ማኅበር መሪ ነህ ተብሎ በ1878 የተሰቀለው አይሪሽ ጃክ ኪሆ ተቀብሯል፤ የፔንስልቬንያ ገዥ ምሕረት ያደረጉለት ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1979 ነው። ሁለቱን ካዩ በኋላ ወደ ሴንትሬሊያ ቢያልፉ መንገዱ ያመችዎታል።