መኪና የማይገባበት የሳይክል መንገድ ከዲሲ አካባቢ የት አለ?

ባለ ኮርሱ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። 53 ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዤ ነው የምውለው። ሐኪሜ «ስኳርህ ድንበር ላይ ነው፣ ተንቀሳቀስ» ሲለኝ ያገለገለ ኮርስ ሳይክል ገዛሁ። ጎማው ቀጭን ነው፣ ጎኑ ላይ 25 ይላል።

ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ነዳሁት። ባለፈው ማክሰኞ የአንድ ፒክአፕ ስፖኪዮ ክርኔን ታኮኝ አለፈ። ሰውዬው ዞር ብሎም አላየኝ። ከዚያ ወዲህ ሳይክሉ ሳሎን ቆሟል፣ ባለቤቴ ፎጣ ታሰጣበታለች።

የምፈልገው ገጠር ገጠር የሚል መንገድ ነው። ዛፍ፣ ወንዝ፣ ከተገኘም ላም። መኪና የማይገባበት፣ ግን አስፋልት የሆነ። ከቤቴ በመኪና እስከ 2 ሰዓት ብነዳ ግድ የለኝም። የ13 ዓመት ልጄም ቅዳሜ ቅዳሜ አብራኝ ትመጣለች። ዳገት አትወድም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አልወድም። እባካችሁ ራሳችሁ የሄዳችሁበትን ንገሩኝ።

የቪየናዋ

ጋሼ፣ እንኳን ተረፉ። ደብሊው ኤንድ ኦዲን ይሞክሩ። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ በ1968 ቆመ፣ በኋላ ሐዲዱ የነበረበት ላይ አስፋልት ተነጠፈ። እስከ ፐርሰልቪል የደረሰው በ1988 ነው። ከሸርሊንግተን ተነስቶ 45 ማይል ይሄዳል፣ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በየግማሽ ማይሉ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ስላለ የት እንደደረሱ አይጠፋዎትም።

ግን ለቤትዎ ቅርብ ነው ብለው ከሸርሊንግተን እንዳይጀምሩ። ቅዳሜ ከአርሊንግተን እስከ ሄርንደን መርካቶ ነው። የልጅ ጋሪ የሚገፋው፣ ውሻ የሚጎትተው፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ የደፈነው ሁሉ እዚያ ነው። እኔ ቤቴ ከመንገዱ ሁለት ደቂቃ ሆኖ እንኳ ቅዳሜ ሳይክሌን በመኪና ጭኜ ነው ወደ ምዕራብ የምሄደው።

ሊስበርግ ላይ ይጀምሩ። ከዚያ እስከ ፐርሰልቪል 11 ማይል ያህል ነው። ከሊስበርግ እንደወጡ 3፣ 4 ማይል ዳገት አለ። አይደንግጡ፣ የባቡር ዳገት ነው። ባቡር ቀጥ ያለ አቀበት ስለማይችል መንገዱ የተሠራው ቀስ እያለ እንዲወጣ ነው። ልጅዎ ማርሹን ታቅልለውና እያወራች ትወጣዋለች። ክላርክስ ጋፕ ላይ ከድንጋይ በተሠራ ቅስት ስር ያልፋሉ። እዚያ ሲደርሱ ዳገቱ አለቀ፣ ከመንገዱ ሁሉ ከፍታው እሱ ጋ ነው። ስመለስ ከቅስቱ እስከ ሊስበርግ ፔዳል የምመታው አልፎ አልፎ ነው።

ከጎን ያለው የጠጠር መንገድ የፈረስ ነው። ፈረስ ሲያገኙ ፍጥነት ቀንሰው ድምፅዎን ያሰሙ።

ፖቶማክ ዳር

ወንድሜ፣ ወንዝ ካልክ ሲ ኤንድ ኦ ካናልን የሚያህል የለም። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል፣ ፖቶማክን እየተከተለ። ድሮ በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ሜዳ ነው። መኪና የለም። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

የመቀሌ ልጅ

አስፋልት ይፈልጋላ! ሰውዬው እኮ 25 ጎማ ነው ያለው። ሲ ኤንድ ኦ አፈርና ጠጠር ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ዝናብ በጣለ ማግስት በዚያው ቀጭን ጎማ ገባሁበት። ጭቃው ጎማውና ፍሬኑ መሀል ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር እምቢ አለ። በእንጨት ፍቄ 50 ሜትር እሄዳለሁ፣ እንደገና ይሞላል። መጨረሻ ላይ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜው ወጣሁ። መንገዱ ያምራል፣ ግን ሰፊ ጎማ ላለው ነው፣ እሱም በደረቅ ጊዜ።

ጋሼ፣ እኔ ሃንኮክ፣ ሜሪላንድ ነው የምልዎት። ዌስተርን ሜሪላንድ ሬል ትሬል ይባላል። ይህም የባቡር መንገድ ነበር። 28 ማይል ያህል ነው፣ አስፋልት፣ ሜዳ። በ270 ወጥተው 70ን ይዘው ወደ ምዕራብ ነው። በጠዋት ከወጡ ጉዞው ከ2 ሰዓት አያልፍም። ሃንኮክ የሜሪላንድ ወገብ ናት። ሰሜኗ ፔንሲልቬኒያ፣ ደቡቧ ፖቶማክ፣ በመሀል ያለው መሬት 2 ማይል አይሞላም። ከወንዙ ማዶ የሚያዩት ተራራ ዌስት ቨርጂኒያ ነው።

ከተማዋ ውስጥ መኪናዎን አቁመው ወደ ምዕራብ ይሂዱ። ወደ ምሥራቅ ያለው ለአውራ ጎዳናው ቅርብ ስለሆነ የመኪና ድምፅ አይለይዎትም። በምዕራቡ በኩል 3 ማይል ገደማ ሲሄዱ ከታች የድሮ ሲሚንቶ ፋብሪካ ፍርስራሽ አለ። ከዚያ በኋላ ቋጥኝ በቀኝ፣ ወንዝ በግራ ነው። 10 ማይል ያህል ሄደው ይመለሱ። ከዚያ ወዲያ ኢንዲጎ የሚባል ዋሻ አለ። ለሌሊት ወፎች ሲባል ለሰው ዝግ ነው፣ መንገዱም ዋሻውን ለመዞር ወደ ሲ ኤንድ ኦ ይወርዳል። ጭቃው እንደገና ማለት ነው።

የልጅቷን ሄልሜት እንዳይረሱ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ግዴታ ነው።

ሌሊት ሺፍት

የሁላችሁም ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘላችኋል። «መኪና የለበትም» የምትሉት ደብሊው ኤንድ ኦዲ የመኪና መንገድ ያቋርጣል፣ ያውም ብዙ ጊዜ። በመንገዱ ላይ ስነዳ የደነገጥኩት ሁሌም ማቋረጫ ላይ ነው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። የመኪናው መንገድ በአንድ አቅጣጫ ሁለት መስመር አለው እንበል። ቅርቡ መስመር ላይ ያለው ሾፌር ደግ ሰው ነው፣ ቆሞ በእጁ «እለፍ» ይልሃል። አንተም ታመሰግንና ትገባለህ። ከእሱ አጠገብ ባለው መስመር የሚመጣው ግን አንተን አያይህም፣ የቆመው መኪና ጋርዶሃል። እኔ የፊት ጎማዬ ብቻ ብቅ ሲል ነው ፍሬን የያዝኩት። መኪናው ፊቴ ላይ ሲያልፍ ንፋሱ ሄልሜቴን ነቀነቀው።

ስለዚህ ልጅህን አንድ ነገር አስተምራት፦ እጅ ያወዛወዘላትን ሾፌር አትመን። አንድ እግሯን መሬት ታሳርፍ፣ ሁሉም መስመር መቆሙን በዓይኗ ትይ፣ ከዚያ ትለፍ። ሾፌሩ ቢበሳጭ ይበሳጭ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

ለልምምድ ሩቅ ከመሄድ በፊት እዚሁ ዲሲ ሮክ ክሪክ ፓርክ አለላችሁ። ቢች ድራይቭ የሚባለው መንገድ የላይኛው ክፍል፣ ከብሮድ ብራንች እስከ ሜሪላንድ ድንበር አብዛኛው፣ ዓመቱን ሙሉ ለመኪና ዝግ እንዲሆን በ2022 ተወስኗል። አጭር ነው፣ ግን ጫካው ውስጥ ከተማ መሆናችሁን ትረሳላችሁ።

መኪና የለኝም

በዚያው እኔም ልጠይቅ። መኪና የሌለው ሰው እንዴት ነው ወደ ምዕራብ የሚደርሰው?

የቪየናዋ

በሜትሮ ነዋ። ከ2019 ጀምሮ ሳይክል ይዞ መግባት በማንኛውም ሰዓት ይፈቀዳል፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓትም። ሲልቨር ላይንን ይዘሽ ዊሊ ሬስተን ኢስት ውረጂ። መንገዱ ከጣቢያው አጠገብ ነው። ከዚያ ሊስበርግ 16 ማይል ገደማ ነው። አንቺ ነሽ አንተ ነህ? ስሙ አይናገርም።

መኪና የለኝም

አንተ ነኝ 😄 አመሰግናለሁ።

ባለ ኮርሱ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የመቀሌው ልጅ፣ ሃንኮክን መረጥኩ፣ ማቋረጫውን ሳነብ ላብ ላብ ብሎኝ ነው። ሌላ ጥያቄ፦ ምግብ ምን እንያዝ? ጎማ ቢተነፍስስ?

የመቀሌ ልጅ

ጎማውን በተመለከተ መንገድ ላይ ጎሚስታ የለም። አንድ የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የጎማ መፍቻ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ፓምፕ ይያዙ። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ አንዴ ፈተው ይግጠሙት። መጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ ከሞከሩት፣ ልጅዎ ፊት ያፍራሉ።

ለምግብ እኛ በሶ በጥብጠን በውሃ ኮዳ ነው የምንይዘው። ለእርስዎ ያለ ስኳር ይሁን እንጂ። ቆሎ ደግሞ ከኋላ ኪስ። ኦቾሎኒ የበዛበት ከሆነ የበለጠ ይይዛል። ውሃ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ኮዳ፣ ከሃንኮክ ከወጡ በኋላ ሱቅ አልጠብቅም።

ሌሊት ሺፍት

ሰው ስታልፉ በግራ ነው፣ ከማለፋችሁ በፊት ደወል ወይም «ኦን ዮር ሌፍት» (በግራህ ነኝ)። ልጅህ ትልልህ፣ የእነሱ እንግሊዝኛ ከእኛ ይሻላል።

ባለ ኮርሱ (ጠያቂ)

ሄድን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በሐበሻ ወጥተን ከ3 ሰዓት በፊት ሃንኮክ ነበርን። 8 ማይል ሄደን ተመለስን፣ ድምሩ 16። ላም አላየሁም። አጋዘን ግን ሦስት፣ አንዷ ከመንገዱ ላይ አልነሳም ብላ አስቁማናለች። ፋብሪካው ጋ ስንደርስ ልጄ ወርዳ ፎቶ ስታነሳ እኔ ቁጭ ብዬ ቆሎ በላሁ። ወንዙ ይሰማል፣ ክላክስ የለም። የሌሊት ወፎቹን ሳታይ በመመለሷ ግን እስካሁን ታኩርፈኛለች።

ጎማ አልተነፈሰም። መቀመጫው ግን ገደለኝ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነው ያስቀደስኩት።

አንድ ችግር፦ የመኪናው ኋላ ላይ ያሰርኩበት መስቀያ መንገዱን ሁሉ ሲወዛወዝ ነበር። ምን ትጠቀማላችሁ?

የመቀሌ ልጅ

ጋሼ፣ ሴዳን ከሆነ መስቀያውን ይተዉት። የፊት ጎማውን ይፍቱ፣ ኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ያንጥፉ፣ ሰንሰለቱ ወደ ላይ እንዲሆን አጋድመው ያስገቡት። የልጅዎን ሳይክል ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ። የሳይክሉን መቀመጫ ደግሞ ትንሽ ዝቅ፣ አፍንጫውን አግድም ያድርጉትና ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይሞክሩት።