አሻራ ማሽኑ 63ቱንም ሠራተኛ «ቀሪ» ብሏል፤ ነገ ጠዋት ፔሮል ይዘጋል!

ሰዓት ፈራሚዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም ቸኩያለሁ። የመሥሪያ ቤታችን አሻራ ማሽን ከማክሰኞ ጀምሮ 63ቱንም ሠራተኛ ቀሪ አድርጎ አውጥቷል። እኔንም ጨምሮ! ስክሪኑ ላይ ቀኑ 1/1/2000 ይላል። ሰዉ ግን ጠዋት ጠዋት ጣቱን ሲያስነካ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማሽኑም «አመሰግናለሁ» እያለ ይቀበላል። ኃላፊዬ «ማሽን አይዋሽም፣ የቀረውን ሁሉ ቁረጪ» ብለውኛል። ነገ 4 ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ፋይናንስ መድረስ አለበት። ሰሞኑን ለአምስት አርፋጆች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተን ስለነበር ሆን ብለው ያበላሹት ይመስለኛል። ምን ላድርግ? መረጃውን አጥፍቼ እንደ አዲስ ላስጀምረው?

ሶኬት፦
አጥፍተሽ አብሪው። የኛም እንዲህ ሲያደርገው ነቅለን እንሰካዋለን።

ሻይ ሰዓት፦
ማሽኑ እንደሚለው ከሆነማ ሠራተኛው ከገባ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አልወጣም። ትርፍ ሰዓት ይታሰብለት።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የጨረስኩት። መጀመሪያ በመዝገብ እንፈርም ነበር፤ ቀጥሎ ካርድ መጣ፤ ኋላ አሻራ። ሁሉም መጀመሪያ ላይ ይሠራል። ሕንድ ውስጥ ኡዳይፑር አካባቢ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነርሶች ላይ የተሞከረውን ልንገርሽ። ቀንና ሰዓት የሚመታ ማሽን ተሰጣቸው፤ የቀረችም ደመወዟ እንዲቆረጥ ተወሰነ። የመጀመሪያዎቹን ወራት መገኘታቸው በደንብ ጨመረ። ከዚያ አለቆቹ «ለሥራ ወጥታ ነው» እያሉ ፈቃድ ያድሉ ጀመር። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ነገሩ ሁሉ ወደነበረበት ተመለሰ። እዚያው አካባቢ ደግሞ አንድ ድርጅት በሚያስተዳድራቸው ትንንሽ ትምህርት ቤቶች መምህራኑ ጠዋትና ከሰዓት ቀንና ሰዓት በሚያትም ካሜራ ፎቶ እንዲነሱ ተደረገ። ክፍያቸውም በተገኙበት ቀን ልክ ሆነ። ቀሪነት ከ42 በመቶ ወደ 21 በመቶ ወረደ። እዚያኛው ጋ አለቃ በመሃል ገብቶ ፈቃድ የሚያድልበት ቀዳዳ አልነበረም። ስለዚህ ማሽኑን ከመውቀስሽ በፊት...

ሰዓት ፈራሚዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን እኔ ያለኝ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ነው።

ሶኬት፦
ነቅለሽ ሰካሽው?

መዝገብ ቤት፦
ሠራተኛው አበላሸው ያልሽው ከየት መጥቶ ነው? ሰኞ ማታ መብራት ሄዶ ነበር?

ሰዓት ፈራሚዋ፦
አዎ፣ ሌሊቱን ጠፍቶ ነው ያደረው። እሱ ምን አገናኘው?

መዝገብ ቤት፦
እሱ ነዋ! ብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ ሳንቲም የምትመስል ጠፍጣፋ ባትሪ አለች። አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 ናት፣ 3 ቮልት። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። ስትሞት ማሽኑ መብራት በመጣ ቁጥር ቀኑን ከፋብሪካ እንደወጣ ከዜሮ ይጀምራል፤ የሰዉ አሻራም በዚያ ቀን ስለሚመዘገብ ለዚህ ሳምንት «ቀሪ» ይላል። የማንም ተንኮል የለበትም። ሰዎቹን ይቅርታ መጠየቅ ሳይኖርብሽ አይቀርም።

ሻይ ሰዓት፦
ማሽን አይዋሽም፤ ባትሪው ግን ይሞታል።

ሎግ አንባቢ፦
እህቴ፣ ሌላውን ተዪና ይህን አንብቢ። 1) መረጃውን እንዳታጠፊ። 2) ሶኬቱን እንዳትነቅዪ፤ ባትሪው ሞቶ ከሆነ ሰዓቱ እንደገና ዜሮ ይሆንና ሥራሽ በእጥፍ ይከብዳል። (ሶኬት፣ ይቅርታ።) አሁን ፍላሽ ሰክተሽ ጥሬ መዝገቡን አውርጂ። ሰዉ ጣቱን ባስነካበት ቅደም ተከተል ተቀምጧል። ሰዓቱ የተሳሳተ ቢሆንም መቁጠሩን አላቋረጠም፤ ስህተቱ ለሁሉም እኩል ነው። ስለዚህ በትክክል የገባበትን ሰዓት የምታውቂው አንድ ሰው ብቻ ይበቃሻል። የበር ካሜራ አላችሁ?

ሰዓት ፈራሚዋ፦
አለ። ማክሰኞ እኔ ራሴ 2:20 ላይ ስገባ ይታያል።

ሎግ አንባቢ፦
ጎሽ። ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሄድ ያ 8:20 ነው። መዝገቡ ላይ ስምሽ በስንት ሰዓት አለ?

ሰዓት ፈራሚዋ፦
1/1/2000፣ 3:05።

ሎግ አንባቢ፦
አለቀ። ኤክሴል ላይ የማክሰኞን ቀን በፈረንጅ ከ8:20 ጋር ጻፊ። ከሱ ላይ ማሽኑ የጻፈውን ቀንሺ። ኤክሴል ቀንን በቁጥር ነው የሚይዘው፤ አንድ ቀን 1 ነው፣ አንድ ሰዓት የ1 ሃያ አራተኛ። የወጣውን ቁጥር በሁሉም መስመር ላይ ደምሪ። በሰዓቱ በኩል 5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይጨምርልሻል፤ ቀኑም አብሮ ይስተካከላል። 3:15 ላይ ያስነካ ሰው 8:30 ገብቷል ማለት ነው።

ሰዓት ፈራሚዋ፦
ሞከርኩት! ማክሰኞ ልክ መጣ። ከረቡዕ በኋላ ግን ጉድ ነው። ረቡዕ ከሰዓት የወጡት ሰዎች ማክሰኞ ረፋድ ላይ ገቡ ይለኛል።

ሎግ አንባቢ፦
ረቡዕ መብራት ሄዶ ነበር?

ሰዓት ፈራሚዋ፦
ምሳ ሰዓት ላይ ለትንሽ ደቂቃ። ይቆጠራል እንዴ?

ሎግ አንባቢ፦
ይቆጠራል እንጂ! ሰዓቱ ሁለቴ ዜሮ ሆኗል። መዝገቡን ከላይ ወደታች እዪው። ሰዓቱ ሲጨምር፣ ሲጨምር ይሄድና ድንገት ወደኋላ የሚዘልበት መስመር አለ። ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። ለእሱ ሌላ ሰው ከካሜራ ፈልጊና ልዩነቱን እንደገና አውጪ። ብቻ በቀን ቅደም ተከተል እንዳትደረድሪው፤ ሁለቱ ክፍሎች ይቀላቀላሉ።

ሰዓት ፈራሚዋ፦
ወይኔ። ደርድሬዋለሁ። ሴቭም አድርጌዋለሁ።

ሻይ ሰዓት፦
የእግዜር ያለህ።

ሎግ አንባቢ፦
ማሽኑ ላይ ካላጠፋሽው አለ። እንደገና አውርጂ። አንዱን ኮፒ ሳትነኪ አስቀምጪ፣ በሌላው ሥሪ።

መዝገብ ቤት፦
ብቻሽን ግን እንዳትሠሪው። ነገ አንዱ «ለጓደኛዋ ሰዓት ጨመረች» ቢል ምን ትመልሻለሽ? ሦስት ሰው ይቀመጥ፤ አንዱ ከሠራተኛው ወገን ይሁን። የታየው የካሜራ ሰዓትና የተደመረው ልዩነት በቃለ ጉባኤ ይጻፍና ይፈረም። ለፋይናንስ ደግሞ ዛሬውኑ «ዝርዝሩ እየተጣራ ነው፣ ተቆራጭ አይያዝ» የሚል አጭር ደብዳቤ ላኪ። ሰው ሳይጠየቅ አይቆረጥም። ማሽኑ የተናገረው አንድ ማስረጃ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም።

ባለጓንቷ፦
እኔ ጽዳት ክፍል ነኝ። ማሽኑ ደህና በሆነበት ቀንም የኔን ጣት አያነብም፤ ዲተርጀንቱ ልጦታል። ሦስቴ አራቴ ሳስነካ ከኋላዬ ሰልፍ ይሠራል። ወር በገባ ቁጥር «ቀሪ» ነኝ።

መዝገብ ቤት፦
እናቴ፣ ከሁለቱም እጅዎ ሁለት ሁለት ጣት ያስመዝግቡ። ያም እምቢ ካለ፣ ማሽኑ ከቻለ፣ ካርድ ወይም የሚስጥር ቁጥር ይስጡኝ ይበሉ።

ሻይ ሰዓት፦
ስለ ቀሪ ካነሳን፣ የስፔኑን ሰውዬ ሰምታችኋል? ካዲዝ ከተማ ነው። ለ20 ዓመት አገልግሎቱ ሊሸልሙት ሲፈልጉት ቢያንስ 6 ዓመት ቢሮ ድርሽ አላለም ተባለ። ማዘጋጃ ቤቱ የውኃ ድርጅቱ ይቆጣጠረዋል ሲል፣ ድርጅቱ ማዘጋጃ ቤቱ ይቆጣጠረዋል ሲል። ፍርድ ቤት 27,000 ዩሮ ገደማ አስከፈለው። ሽልማቱ ግን ምን እንደነበረ አሁንም ያጓጓኛል።

ጡረተኛው፦
እኔስ ምን አልኩ? የቅርብ አለቃ ወንበሩን ዞር ብሎ ካላየ የማሽን ብዛት ምን ያደርጋል።

ሰዓት ፈራሚዋ፦
እንደገና አወረድኩት፤ የዘለለበትን መስመርም አገኘሁት። ለሁለተኛው ክፍል ካሜራው ላይ ሹፌራችንን ይዣለሁ። ደብዳቤውን ኃላፊዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ አልፈረሙም። ስብሰባ ላይ ናቸው።

መዝገብ ቤት፦
በር ላይ ቁሚ።

ሶኬት፦
እና አልነቀልሽውም?

ሎግ አንባቢ፦
እህቴ፣ ሦስት ቀን ሆነሽ። ምን ደረሰ?

አዲስ ገብ፦
ይቅርታ፣ የኛ ደግሞ 1970 ነው የሚለው። ይኸው ዘዴ ይሠራል?

ሎግ አንባቢ፦
ይሠራል። መጀመሪያ አውርድ። ቀጥሎ ባትሪዋን ቀይር። ከዚያ ሰዓቱን አስተካክል፤ የድሮውን መዝገብ አይነካውም። አትደርድር።