ኦና ጀጅና የዋሺንግተን ስም፦ «የዘመኑ ሰው ነበር» ማለት ይበቃል?

መነሻ ሐሳብ፦
ጆርጅ ዋሺንግተን በፕሬዚዳንትነቱ ዘመን በኖረበት የፊላደልፊያ ቤት ቦታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው መታሰቢያ በዚያ በባርነት ያገለገሉ ዘጠኝ ሰዎችን ስም ይዟል። አንዷ በ1796 ከዚያ ቤት ያመለጠችው ኦና ጀጅ ናት። ታሪኳ አይነገር አልልም፤ ነገር ግን ጎብኚው ይዞት የሚወጣው ምስል አንዲትን ወጣት ሴት የሚያሳድድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ በ1799 በተናዘዘው ቃል የራሱን ባሮች ነጻ ያወጣው ሰው በዘመኑ ሚዛን አልተዳኘም ባይ ነኝ።

መልስ፦
ወንድሜ፣ ያነሱት ኑዛዜ እውነት ነው፤ ግን ኦናን አይመለከትም። እርሷ የሚስቱ የማርታ የቀድሞ ባል የከስቲስ ውርስ ንብረት ስለነበረች፣ ዋሺንግተን ቢፈልግ እንኳ በኑዛዜ ነጻ ሊያወጣት አይችልም ነበር። የዘመኑን ሚዛን ካነሱ ደግሞ ሚዛኑ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር። የፔንሲልቬንያ የ1780 ሕግ ከሌላ ግዛት የመጣ ባሪያ ስድስት ወር ከቆየ ነጻነቱን እንዲጠይቅ ይፈቅድ ስለነበር፣ ዋሺንግተን ሰዎቹን ጊዜው ከመድረሱ በፊት ከግዛቱ እያወጣ ይመልሳቸው ነበር፤ በ1791 ለጸሐፊው ለቶባያስ ሊር ሲጽፍም ይህ እነርሱንም ሕዝቡንም በሚያሳስት ሰበብ እንዲፈጸም አዟል። ባርነትን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚያይ ሰው ሰበብ ምን ይሠራለታል?

መልስ ለመልስ፦
ስለ ውርሱ ያሉትን እቀበላለሁ። ሆኖም ሕጉ እጁን ያሰረው ከሆነ፣ ማሳደዱም ለወራሾቹ ካለበት ግዴታ የመጣ ሊሆን አይችልም?

መልስ፦
ለወራሾቹ የዋጋዋን ካሳ የመክፈል ኃላፊነቱን ግዴታ ሊሉት ይችላሉ፤ የጻፈው ግን ሌላ ነው። ኦና ግንቦት 1796 ካመለጠች በኋላ በጋዜጣ የወጣው ማስታወቂያ ፊቷ ጠቃጠቆ የበዛበት፣ ዓይኖቿ በጣም ጥቁር፣ ቁመቷ መካከለኛ መሆኑን ዘርዝሮ፣ ለሚያመጣት አሥር ዶላር ቃል ገባ፤ ለመሄድም ምንም ምክንያት አልነበራትም ይላል። ምክንያቱ ግን በቤቱ ይታወቅ ነበር፦ ማርታ ለልጅ ልጇ ለኤልዛ በስጦታ ልትሰጣት አስባለች። ኦና በኒው ሃምፕሻየር፣ ፖርትስማውዝ በተገኘች ጊዜ የጉምሩክ ሹሙ ጆሴፍ ዊፕል አነጋገራት፤ እርሷም ዋሺንግተኖች ሲሞቱ ነጻ እንደምትወጣ ቃል ከተገባላት እንደምትመለስ ነገረችው። ዋሺንግተን ግን ታማኝነትን ላጎደለ ሰው እንዲህ ያለ ሽልማት መስጠት ፍትሐዊ አይደለም ብሎ እምቢ አለ። በ1799 ደግሞ የሚስቱ የእኅት ልጅ በርዌል ባሴት ሊወስዳት ሲሄድ፣ የሴናተር ላንግደን ቤተሰብ አስቀድሞ አስጠነቀቃትና ተሰወረች።

ሌላ አስተያየት፦
ሁለታችሁም ስለ እርሱ ነው የምትከራከሩት። እርሷ በ1845 ለአንድ ጋዜጣ ስትናገር፣ ቤተሰቡ ወደ ቨርጂኒያ ለመመለስ ዕቃ ሲያስር እርሷም የራሷን እያሰረች እንደነበር፣ ጓዟን አስቀድማ ወደ ጥቁር ወዳጆቿ ቤት እንዳስላከችና እነርሱ እራት ሲበሉ እንደወጣች ተርካለች። ባሏ በ1803 ሞተባት፤ ልጆቿን ቀበረች፤ በድህነት ኖረች፤ በሕግ ዓይን እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1848፣ ኮብላይ ነበረች። ከዋሺንግተን ቤት በመውጣቷ ተጸጽታ እንደሆነ ሲጠይቋት ግን «አይ፣ እኔ ነጻ ነኝ» አለች።

መነሻ ሐሳብ ያቀረበው፦
እንግዲያው ኑዛዜውም በመታሰቢያው ይጻፍ፤ ከሥሩም ኦናን እንደማይጨምር በግልጽ ይቀመጥ።