ሙሽሮቹ ፓርክ ሲሄዱ እንግዳውን ማን ያጫውት? (የጥር ሰርግ የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊው፦ ሰላም ሰፈርተኞች። ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሁለተኛ እሁድ ነው። ማህበራችን ከስጦታው ሌላ የእንግዳ ማጫወቱን ሥራ ወስዷል። እስከ ሐሙስ አንድ የጋራ ሐሳብ ጽፈን ለሁለቱም ቤተሰብ እንሰጣለን።

ችግሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንግዳው 7 ሰዓት ላይ አዳራሽ ይገባል። ሙሽሮቹ ለፎቶ ፓርክ ይሄዳሉ። 9 ሰዓት ከመጡ ተመስገን ነው። በመሃል ያለውን ሁለት ሰዓት ሰው ውሃ እየጠጣ በር በሩን ያያል። ዲጄው ደግሞ ሙዚቃውን ይለቀዋል፣ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው እንኳ መነጋገር አይችልም። ስለዚህ ጨዋታው ለዚያች ሁለት ሰዓት ይሁን ባይ ነኝ። ምግብ ከቀረበ በኋላማ ማን ይሰማናል?

አንደኛ ሚዜ፦ ልክ ነው። እኔ ፓርክ ስለምሆን ግን አትቁጠሩኝ። የወንበር ጨዋታ ብናደርግስ? ሙዚቃው ሲቆም ወንበር ያጣ ይወጣል።

ሒሳብ ያዥዋ፦ ወንበሩን ተወው ወንድሜ። ባለፈው ዓመት አንድ ሰርግ ላይ ስንሯሯጥ የሀበሻ ቀሚሴን ጫፍ አንዱ ረገጠው። ጥለቱ ተተረተረ። ቀኑን ሙሉ በነጠላ ሸፍኜ ዋልኩ። ለልጆች ብቻ ይሁን፣ እሱም ጓሮ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ አሜሪካ እኔ በሄድኩባቸው የሐበሻ ሰርጎች የጫማ ጨዋታ አይቀርም። ሙሽሮቹ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው አንድ የራሳቸውን፣ አንድ የሌላውን ጫማ ይይዛሉ። "ቀድሞ ይቅርታ የሚለው ማነው?" ሲባል ሳይተያዩ መልሳቸው የሆነውን ሰው ጫማ ያነሳሉ። መልሳቸው ሲለያይ አዳራሹ ይፈርሳል።

ጋሼ (የማህበሩ ሽማግሌ)፦ ልጄ፣ ጨዋታው ደስ ይላል። ነገር ግን አማት ፊት ጫማ አውልቆ ማንሳት ለእኛ ደስ አይልም። ሌላ ነገር ያንሱ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እሺ ጋሼ፣ አላሰብኩትም። ለሱ ጭራ፣ ለሷ ማማሰያ ቢሆንስ?

ሒሳብ ያዥዋ፦ ማማሰያው ለምን የሷ ይሆናል? ልጅቷ እኮ ሻይ እንኳ ሲፈላ ትረሳዋለች! ወጥ የሚሠራው እሱ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

አንደኛ ሚዜ፦ ሃሃ እውነት ነው። ማማሰያው ለሱ፣ ጭራው ለሷ።

ጸሐፊው፦ ጸደቀ። ይሄ ግን ሙሽሮቹ ከመጡ በኋላ የሚሆን ነው። ለሁለቱ ሰዓት ሐሳብ አምጡ።

አዲሱ አባል፦ በስልክ ጥያቄና መልስ ብናደርግ? ሊንክ ልከን ሁሉም ይመልሳል።

ሒሳብ ያዥዋ፦ ከወልቂጤ በሁለት ቅጥቅጥ የሚመጡት የሙሽሪት አክስቶችስ? ኔትወርኩስ?

አዲሱ አባል፦ ይቅር በቃ። እንቆቅልሽስ?

ጸሐፊው፦ እሱ ጥሩ ነው! ጠረጴዛ ከጠረጴዛ ይጋጠም። አንዱ "እንቆቅልሽ" ይላል፣ ሌላው "ምን አውቅልሽ"። "ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ያድራል" ብሎ ይጠይቃል። ወንዝ ብለው ካልመለሱ "አገር ስጠኝ" ይላቸዋል። የተሸነፉት ያገራቸውን ስም ያስረክባሉ። ወልቂጤን የኛ ወገን ሲወስዳት፣ እነሱ ደግሞ ሰፈራችንን ሲረከቡ አስቡት። ሁለት የማይተዋወቅ ቤተሰብ በአስር ደቂቃ ይግባባል።

ጋሼ፦ አገር ከተሰጠ በኋላ ስድብ እንዳለው አትርሱ። ልጅ ሆነን ስንጫወት "እዚያ አገር ገብቼ" ብለን ጀምረን የተሸነፈውን እንደ ጉድ እናወርድበት ነበር። ለልጅ ያምራል፣ በአማቾች መካከል ግን ጠብ ያመጣል። አሸናፊው በስድቡ ፈንታ ተሸናፊውን ይመርቅ፣ ወይም ያስጨፍር።

ሒሳብ ያዥዋ፦ ያስጨፍር! ጉራጊኛ ያስጨፍሩን። ሦስት ደቂቃ ከቻልን ጎበዝ ነን።

የሙሽሪት ወገን ተወካይ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ዛሬ ነው የገባሁት። ሐሳቡ ደስ ይላል። አንድ ነገር ላሳስብ። አያቶቻችን አማርኛውን ይሰማሉ፣ ሲናገሩ ግን ጉራጊኛው ነው የሚቀላቸው። እንቆቅልሹ በሁለቱም ይባል፣ እኔ አስተረጉማለሁ።

ጸሐፊው፦ እንኳን ደህና መጣሽ እህታችን። ያንቺ ሥራ ተገኘ ማለት ነው።

ማሲንቆ ወዳዱ፦ እኔ እስካሁን ዝም ያልኩት የምፈልገው እስኪነሳ ነው፣ አልተነሳም። አንድ አዝማሪ እናምጣ። ድምፅ ማጉያ አያስፈልገውም፣ ዲጄው ያርፍ። አዝማሪው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል። እያንዳንዱ ጠረጴዛ "ተቀበል!" ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፣ እሱ በማሲንቆ ያዜመዋል። የወንድ ወገን ሙሽሪትን ያወድሳል፣ የሴት ወገን ሙሽራውን ይነካካል። ከዚያ መልስ ይመጣል። ሰው ግጥም አልችልም ይላል እንጂ "ተቀበል" ካለ በኋላ አፉ ይፈታል። እነሆ የመጀመሪያዋ፣ የኔ ናት፦

ሙሽራው ፓርክ ሄዶ ለፎቶ ተሰልፎ፣
ረስቶናል መሰለኝ፣ የት ደረሰ ክትፎ?

የሙሽሪት ወገን ተወካይ፦ ክትፎው ከኛ ነው፣ አትስጉ። ግጥሟን ግን ለአባቴ አነበብኩለት። መልስ እያዘጋጀ ነው፣ ወዮላችሁ።

ሒሳብ ያዥዋ፦ ካዝናው ለዚህ የሚችለው 15,000 ብር ነው። አዝማሪው ከዚያ ይከፈለዋል፣ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ብር የራሱ ነው። በተረፈው ለአሸናፊ ጠረጴዛዎች ቡና እንግዛ፣ ግማሽ ግማሽ ኪሎ። ብርጭቆና ዋንጫ አልገዛም፣ ማንም ቤት አይፈልገውም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አንድ የመጨረሻ። ባለትዳር ሁሉ ይነሳል። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ይቀመጣል፣ ከዚያ ከአስር፣ ከሃያ እያለ ይቀጥላል። መጨረሻ የቀሩት ድፎ ዳቦውን ቆርሰው ሙሽሮቹን ይመርቃሉ።

አዲሱ አባል፦ ይቅርታ፣ ይሄን አይቼዋለሁ። መድረክ መሪው "ባልና ሚስት ተያይዛችሁ ተነሱ" አለ። እናቴ አባቴን ከቀበርን ገና ዓመቱ ነበር። ተነሳች፣ ዙሪያዋን አየች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። እስከ ማታ አልተነጋገርንም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወይኔ። ይቅር እንግዲህ።

ጋሼ፦ አይቀርም። አጠራሩ ይስተካከል እንጂ። "ከተዳራችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ?" ተብሎ ይጠየቅ። ብቻውን ያለም ብቻዋን ያለችም በተዳሩበት ዘመን ይቆጠሩ። የኔም እመቤት ካረፈች ስምንት ዓመቷ ነው፣ እኔ ግን 41 ብዬ እቆማለሁ። የሚያስቀምጠኝ ካለ ይምጣ።

አዲሱ አባል፦ እሺ ጋሼ። እናቴንም ይዣት እመጣለሁ።

ጸሐፊው፦ እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፣ እዩልኝ።

"ለሁለቱም ቤተሰቦች። ከ7:30 እስከ 9 ሰዓት ዲጄው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲቆይ እንጠይቃለን። ጠረጴዛዎች ሁለቱን ወገን ቀላቅለው እንዲደለደሉ እንለምናለን፤ ይሄ ካልሆነ ሌላው ሁሉ አይሠራም። መጀመሪያ እንቆቅልሽ በአማርኛና በጉራጊኛ፣ ቀጥሎ አዝማሪና ተቀበል። ሙሽሮች ሲገቡ የጭራና ማማሰያ ጥያቄ፣ ከአስር ጥያቄ አይበልጥም፤ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ሁለት ሰው ያያቸዋል። ከዳቦው በፊት የትዳር ዘመን ቆጠራ። ወጪው የማህበሩ ነው።"

የሙሽሪት ወገን ተወካይ፦ የጠረጴዛው ነገር ትንሽ ያከራክራል። አክስቶቼ አብረው መቀመጥ ይፈልጋሉ። ሁለት ሁለት ሆነው ቢከፋፈሉ አሳምናቸዋለሁ።

ጸሐፊው፦ ሁለት ሁለት ይሁን፣ አርሜዋለሁ። ማማሰያ ከየትም ይገኛል። ጭራ ያለው ሰው አለ?

ጋሼ፦ የአባቴ አለ። እጀታው ብር ነው። ሙሽሪት ጨፍራበት የምትሄድ ከሆነ ግን አላበድርም።