ለ24 ሰው የሁለት ሌሊት የሐይቅ ዳር ካምፕ፦ ቦታውን ሳንጎዳ እንዴት እናቅደው?

ሰማያዊ ድንኳን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 24 ሆነን ጫካ ውስጥ ወዳለ ሐይቅ ለ3 ቀንና ለ2 ሌሊት ልንሄድ ነው። ከመኪና መውረጃው እስከ ሐይቁ 7 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ አለው። ሽንት ቤት የለም፤ ውሃ የምንቀዳው ከሐይቁ ነው። እስካሁን የያዝነው ዕቅድ ይህ ነው፦ 12 ድንኳን በሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ በረድፍ፤ መሃል ላይ አንድ ትልቅ እሳት፣ ምግቡም እዚያው ይበስላል፤ ለዕቃና ለገላ «በተፈጥሮ የሚበሰብስ» ተብሎ የተጻፈበት ሳሙና፤ ለመጸዳጃ ሁሉም በየፊናው ጫካ ገብቶ ይቀብራል። ልጣጭና የምግብ ትርፍራፊ ጫካ ውስጥ እንጥላለን፣ መበስበሱ አይቀርም ብለን። የቱ ስህተት ነው? ለቡድኑ የማስረዳው እኔ ስለሆንኩ በቁጥርና በምክንያት ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ኮምፓስ

መጀመሪያ ቦታውን የሚያስተዳድረው አካል በአንድ ቡድን ስንት ሰው እንደሚፈቅድ ጠይቁ። ብዙ ጥብቅ ቦታዎች ከ10 ወይም ከ12 ሰው በላይ በአንድ ላይ እንዲሰፍር አይፈቅዱም። ቢፈቀድም እንኳ በ6 በ6 ተከፍላችሁ አራት ቡድን ሁኑ፤ እያንዳንዱ የራሱ ምድጃ፣ አካፋና የቆሻሻ ከረጢት ይኑረው።

ከዕቅዱ ሁሉ የከፋው የድንኳኑ ረድፍ ነው። ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ፤ በአዋቂ እርምጃ ከ70 እስከ 80 ነው። የሐይቅ ዳር አፈር እርጥብ ስለሆነ ሲረገጥ ቶሎ ይጠቀጠቃል። ከተጠቀጠቀ አየርና ውሃ የሚያልፉበት ቀዳዳ ይደፈናል፣ ዝናቡ አይሰርግም፣ አፈሩን ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። እንስሳቱም ማታ ለመጠጣት የሚወርዱት በዚያው ስለሆነ የድንኳን ረድፍ መንገድ ይዘጋባቸዋል።

ሁለተኛው ውሳኔ የምትሰፍሩበት መሬት ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ሰው ሲሰፍርበት የኖረ፣ ሣሩ ያለቀ፣ መሬቱ የጠነከረ ቦታ ካለ ሁላችሁም እዚያው ተጠጋጉ፤ አንድም ድንኳን ወደ ለምለሙ አይውጣ። ሣር አብዛኛውን ጉዳት የሚያየው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚጨምረው ጉዳት እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የተጎዳውን ደግሞ መጠቀም አዲስ ከመክፈት ይሻላል። ማንም ሰፍሮበት የማያውቅ ቦታ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ድንኳኖቹን አራርቁ፣ ወደ ውሃውና ወደ ማብሰያው በተለያየ መስመር ተመላለሱ፣ ሁለተኛውን ሌሊት ቦታ ቀይሩ። ትንሽ የተረገጠ ግን ሣሩ ገና ያልሞተ ቦታ ካጋጠማችሁ ደግሞ ጨርሶ እለፉት፤ ከተተወ ያገግማል፣ አንድ ቡድን ከደገመው ያልቅለታል።

በድንኳን ዙሪያ የዝናብ ቦይ አትቆፍሩ። ቦይ የሚያስፈልገው ድንኳን ጎድጓዳ ላይ ሲተከል ብቻ ነው።

የጠጠር መንገድ

ስለ መጸዳጃው። 24 ሰው ለሁለት ሌሊት ማለት ወደ 50 ወይም 60 ጉድጓድ ነው። «በየፊናው» ከተባለ አብዛኛው ሰው ከድንኳኑ 20 ሜትር ርቆ፣ በጫማ ጫፍ አፈር ቧጭሮ ይመለሳል። ልኩ እንዲህ ነው፦ ከውሃ፣ ከመንገድና ከካምፕ 60 ሜትር፤ ጥልቀቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፤ ስፋቱ ከ10 እስከ 15። ከዚህ ካነሰ እንስሳ ይቆፍረዋል ወይም ዝናብ ያወጣዋል። ከጠለቀም መጥፎ ነው፤ የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ተሕዋስያን በብዛት ያሉት አየር በሚያገኘው ጥቁር የላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ሲያልቅ አፈሩን በእንጨት ከዓይነ ምድሩ ጋር ማደባለቅ ብስባሴውን ያፋጥናል፤ እንጨቱ እዚያው ይቀበራል፣ አካፋው ግን አይነካውም።

ሶፍት አትቅበሩ፣ አታቃጥሉም። የተቀበረው ሶፍት በመጀመሪያው ዝናብ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ለማቃጠል ሲሞከር ደግሞ ሣሩ ይያያዛል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ከረጢት ስጡ፤ ውስጡ የሚዘጋ ላስቲክ፣ ውጩ የማያሳይ ጥቁር። የወር አበባ መጠበቂያና የሕፃን መጥረጊያም እዚያው ይገባል፤ ብዙዎቹ ፕላስቲክ ስላለባቸው አይበሰብሱም።

አፈሩ ድንጋያማ ከሆነ ወይም ውሃ የቋጠረ ከሆነ ቀብር አይሠራም። ዓይነ ምድሩን የሚያረጋ ዱቄት ያለበትን ከረጢት ይዛችሁ ሂዱና ሁሉንም መልሳችሁ አውጡ።

ጭስ የለሽ

በእንጨት ለ24 ሰው ማብሰል አይታሰብም። ሁለት ሌሊት ብቻ ቢሆንም በካምፑ ዙሪያ ያለው የወደቀ እንጨት ያልቃል፤ ያ እንጨት የነፍሳትና የእንጉዳይ ቤት፣ ኋላም አፈር የሚሆን ነው። ካለቀ በኋላ ሰው ወደ ቆመው ዛፍ ይዞራል።

የጋዝ ስሌቱ ቀላል ነው። ክዳን ባለው ድስት፣ ከነፋስ በተከለለ ቦታ፣ 1 ሊትር ውሃ ለማፍላት 12 ግራም ያዙ። ለምግብና ለሻይ ለአንድ ሰው በቀን 2 ሊትር ቢታሰብ ለ24 ሰው 48 ሊትር፣ ማለትም በቀን 576 ግራም ይሆናል። በሁለት ቀን ተኩል 1,440 ግራም፣ ማለት 230 ግራም የሚይዙ 7 ጣሳዎች። ተሸካሚ ካለ ግን ተመልሶ የሚሞላ አንድ 3 ኪሎ ሲሊንደር ይሻላል፣ ባዶ ጣሳ አይተርፍም። ስሌቱን የሚያበላሸው ነፋስ ነው፤ ያለ መከለያ ፍጆታው እጥፍ ሊሆን ይችላል። መከለያው ግን ጣሳውን ዙሪያውን አይዝጋው፤ ጣሳው ከጋለ ይፈነዳል።

የመጠጥ ውሃውንም በጋዝ ላፈላ ካላችሁ ሌላ ሒሳብ ነው፤ ለሰው 3 ሊትር ቢሆን በቀን 72 ሊትር፣ ከ860 ግራም በላይ ጋዝ። ለመጠጥ ማጣሪያ ወይም ኪኒን ያዙ። ማፍላት ግድ ከሆነ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ 3 ደቂቃ። ሰው ግን ሩብ ሰዓት ሲያንተከትከው ታያላችሁ።

ሰማያዊ ድንኳን (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቡድኑ «ያለ እሳት ካምፕ አይባልም» እያለኝ ነው፤ መሃል መንገድ አለ ወይ? ደግሞ ከ24ቱ 15ቱ ጫካ አድረው አያውቁም። እነዚህ ሰዎች 60 ሜትር ሄደው 15 ሳንቲ ሜትር ይቆፍራሉ ብዬ አላምንም።

ኮምፓስ

በሁለተኛው ላይ የጠጠር መንገድ ካሉት እለያለሁ። በየራስ መቆፈር ልምድ ላለው ትንሽ ቡድን ጥሩ ነው። ለእናንተ ግን አንድ የጋራ ቦይ ያዋጣል። ጥልቀቱ ያው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ አካፋ፤ መጀመሪያ 1 ሜትር ብቻ ክፈቱ፣ ሲሞላ በዚያው አቅጣጫ እያስረዘማችሁ። የወጣው አፈር ጎኑ ላይ ይከመር፣ እያንዳንዱ ሰው ከጨረሰ በኋላ ያልብስበት። ላዩን የነበረውን ሣር ከነሥሩ በቁራጭ አንስታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ በመጨረሻ ትመልሱታላችሁ። መንገዱን በክር ምልክት አድርጉ፣ ማታ መንገድ የሚስት ሰው አይታጣም። ሳሙናና መታጠቢያ ጀሪካን ከቦይው አጠገብ ይሁን እንጂ ካምፕ አይቀመጥ፤ በቡድን ጉዞ ሆድ የሚያውከው ብዙ ጊዜ የሐይቁ ውሃ ሳይሆን ያልታጠበ እጅ ነው።

የጠጠር መንገድ

ለጀማሪዎች ትክክል ነው። የኔ ፍርሃት ብዛቱ አንድ ቦታ መሆኑ ነው፤ የተቀበረ በሽታ አምጪ ተሕዋስ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቦይው ተዳፋት ላይ ከሆነ 60 ሜትሩን ወደ 100 አድርጉት፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃ የሚወርድበት ሸለቆ ውስጥም አይሁን። ለሁለቱ ሌሊት ሁለት የተራራቁ ቦዮች ቢሆኑ ደግሞ እስማማለሁ።

ጭስ የለሽ

እሳቱ፦ በመጀመሪያ እገዳ አለመኖሩን አጣሩ፤ በደረቅ ወቅት ብዙ ቦታ ይከለከላል። ከተፈቀደ ለማብሰል ሳይሆን ለማምሻው አንድ ትንሽ እሳት፣ ቀድሞ በነበረ የእሳት ክብ ውስጥ። ክብ ከሌለ አዲስ ድንጋይ አትደርድሩ። ሸራ ዘርግታችሁ ቅጠልና ሥር የሌለበትን ጥሬ አፈር 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አድርጋችሁ ከምሩና በላዩ አንድዱ፤ አፈሩን ከወደቀ ዛፍ ሥር ጉድጓድ ወይም ከደረቀ ወንዝ አሸዋ አምጡት፣ ሲያልቅ ወደነበረበት መልሱት። እንጨቱ የወደቀ፣ የደረቀ፣ ከእጅ አንጓ የማይወፍር፣ በእጅ የሚሰበር ይሁን። መጥረቢያ ካስፈለገ እንጨቱ ትልቅ ነው። ትልቅ ግንድ ግማሹ ተቃጥሎ ይቀራል፣ ጥቁሩ ጉማጅ ለዓመታት አይጠፋም።

ማጥፋቱ ላይ ነው ብዙው የሚሳሳተው። አፈር አልብሶ መሄድ ፍሙን ማቆየት ነው፤ አፈሩ ውስጥ ሥርና ብስባሽ ካለ እሳቱ ከመሬት በታች እየተሳበ ሌላ ቦታ ይወጣል። ከመተኛት አንድ ሰዓት በፊት እንጨት መጨመር አቁሙ፣ አመድ እስኪሆን ይንደድ፣ ውሃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ ድገሙት፣ በእጅ ጀርባ ንኩት። ካቃጠለ አልጠፋም። የብስኩት መጠቅለያ እሳት ውስጥ አይጣል፣ ውስጡ ያለው አሉሚኒየም አይነድም።

ለጨዋታው ብቻ ከሆነ ግን አንድ ፋኖስ መሃል ላይ ቢቀመጥ ሰው ያው ይሰበሰባል።

ወንፊት

ሳሙናው «የሚበሰብስ» መባሉ አያታልላችሁ። የሚበሰብሰው አፈር ውስጥ ነው። ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ግን ሳሙና የውሃውን የላይ ገጽ ውጥረት ይሰብራል፤ በውሃ ላይ የሚራመዱት ነፍሳት ይሰምጣሉ፣ የዓሣ መተንፈሻም ይጎዳል። ገላም ሆነ ዕቃ የሚታጠበው ውሃ ተቀድቶ 60 ሜትር ርቆ ነው። ለ24 ሰው ዕቃ በአንድ ገበታ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይበቃል፣ ሳህኑ በፊት በደንብ ከተጠረገ። እጣቢውን በቀጭን ወንፊት አሳልፉ፤ ወንፊቱ ላይ የቀረው ወደ ቆሻሻ ከረጢት፣ ውሃው እየተወረወረ ሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። አንድ ቦታ ከተደፋ ዝንብና አይጥ ይሰበስባል።

ልጣጭን በተመለከተ፣ «ይበሰብሳል» የምትለው ቃል የጫካ ትልቋ ሰበብ ናት። የብርቱካን ልጣጭ ወራት ይቆያል። ከመበስበሱ በፊት የሚያገኘው እንስሳ ደግሞ ሰው ያለበት ምግብ አለ ብሎ ይማራል፤ ቀጥሎ ድንኳን ይቀድዳል፣ ከዚያ አደገኛ ተብሎ የሚገደለው እሱ ነው። ሁሉም ተመልሶ ይወጣል። ማታ ምግብ፣ ቆሻሻና የጥርስ ሳሙና ጭምር በአንድ ከረጢት ከመሬት 4 ሜትር፣ ከግንዱ 2 ሜትር ርቆ ይሰቀል።

ትርፍራፊ የሚቀንሰው ግን ቤት ውስጥ ነው። ደረቅ ፓስታ ለሰው 120 ግራም፣ ሩዝ 90 ግራም፤ ለ24 ሰው 2.9 ኪሎ ፓስታ ወይም 2.2 ኪሎ ሩዝ። በየገበታው መዝናችሁ በሚታጠብ ከረጢት ክፈሉት፣ ካርቶኑና ፌስታሉ ቤት ይቅር። በጣሳና በጠርሙስ የታሸገ አትያዙ።

አረንጓዴ ጫማ

እስካሁን ማንም ያላነሣው የ7ቱን ኪሎ ሜትር ጉዳይ ነው። በመንገድ ላይ በሰልፍ አንድ በአንድ፣ ቡድኖቹ በ20 ደቂቃ ልዩነት። ጭቃ ሲያጋጥም መሃሉን ረግጣችሁ እለፉ። በጎን የሚዞር እያንዳንዱ ሰው መንገዱን ያሰፋዋል፣ የ1 ሜትር መንገድ 4 ሜትር የሚሆነው እንዲህ ነው። ለዚህም ነው ለሁሉም ውሃ የማያስገባ ጫማ የምትጠይቁት። መንገድ የሌለበት ሜዳ ላይ ስትወጡ ግን ተቃራኒው ነው፤ ተበታተኑ፣ ሰልፍ አዲስ መንገድ ያወጣል። ዝናቡ ቀድሞ ብዙ ከዘነበ ጉዞውን ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ከሁሉ ይሻላል፤ ውሃ የጠገበ አፈር ላይ 24 ሰው ደርሶ መልስ ማለት 48 ጊዜ መረገጥ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት የጫማውን ሶል፣ የድንኳኑን ካስማና የሱሪውን እጥፋት በብሩሽ ጥረጉ፤ መጤ አረም የሚጓዘው በዚያ ነው። መኪኖቹ ረጅም ደረቅ ሣር ላይ አይቁሙ፣ የጋለ የጭስ ማውጫ ያቀጣጥለዋል። ከ8 መኪና ይልቅ አንድ አውቶቡስ ብትይዙ ደግሞ የማቆሚያውም ችግር ያልቃል።

ሰማያዊ ድንኳን (ጠያቂ)

ዋና የሚገቡ አሉ። እዚያ ላይ የምንጠነቀቀው ምንድን ነው?

አረንጓዴ ጫማ

መግቢያው አንድ ይሁን፣ አሸዋ ወይም ድንጋይ ላይ። ቄጠማ ውስጥ አትግቡ፣ ወፎች ጎጆ ይሠሩበታል። የትንኝ መከላከያ ወይም የፀሐይ ቅባት የተቀባ ሰው ከሐይቁ ርቆ ይታጠብ፤ ለፀሐይ ከቅባት ይልቅ እጅጌ ያለው ልብስ ይሻላል። በአየር የሚነፋ ጀልባ ካላችሁ ከሌላ ውሃ የመጣ ጠብታ እንዳይኖር ታጥቦ፣ ተገልብጦ፣ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይምጣ። ወፍ ወይም እንስሳ ስታዩ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን አንሡ፤ እንስሳው ከጣቱ ጀርባ ካልተደበቀ ቀርባችኋል፣ ወደ ኋላ በሉ።

ኮምፓስ

የመጨረሻው ቀን ላይ 45 ደቂቃ ለማጽዳት ብቻ መድቡ፤ በዕቅዱ ላይ ሰዓቱ ካልተጻፈ አይደረግም። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ 24ታችሁም በክንድ ርቀት ተሰልፋችሁ ካምፑን ከዳር እስከ ዳር እያያችሁ እለፉ። የሲጋራ ቁራጭ፣ የክር ቁራጭ፣ የጠርሙስ ክዳን የሚገኘው ያኔ ነው። የተኛውን ሣር በእጅ ቀና አድርጉት፣ ያነሣችሁትን ድንጋይ ወደ ቦታው መልሱ፣ የቦይውን ሣር ከነሥሩ አልብሳችሁ ውሃ አጠጡት።